ፈቃድ ነበረን

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ
ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024

ወንድሜ ካሳዬ፣

አኮርዲዮኑ ትናንት ማክሰኞ ደረሰ። የተላከው ከሃሊፋክስ ነው። የግራ ማንገቻው ተበጥሷል። ከታች በኩል አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ይሄድና አይመለስም። ሌላው ደህና ነው።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። ለቆንጂትና ለልጃችሁ ለሆሣዕናም እንዲሁ በልልኝ። ጉልበትህ እንዴት ሆነ? የኤድመንተን ብርድ ሳይጀምር ይሻለዋል ብለህ ነበር።

ከኩቤክ እንዴት ተመለስክ ላልከው፣ በአውቶቡስ ነው። ሞንትሪያል ላይ ቀይሬ አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ሻንጣዬ ላይ ያለውን የመርከብ ምልክት አይታ፣ "መርከቡስ?" አለችኝ። "መርከቡ ቀጠለ" አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ለምን እንዳወረዱኝ ግን አልነገርኳት።

ሲያወርዱኝ የያዙብኝን አኮርዲዮን ሃሊፋክስ ላይ ከመርከቡ ጥበቃ ክፍል ተቀብለህ ልትልክልኝ ነበር። ያልላክህበትን ምክንያት ያን ጊዜ አልጠየቅኩህም፤ አሁንም አልጠይቅህም። የላከልኝ ሌላ ሰው ነው። ማን እንደሆነ፣ ሣጥኑ ውስጥም ከአኮርዲዮኑ ጋር ምን እንደነበረ ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ።

"ስለ ወረቀቱ አትጨነቅ" ብለሃል። አልተጨነቅኩም ነበር። ባለፈው እሁድ ግን ከአምልኮ በኋላ ፓስተር ፀጋዘአብ ወደ ቢሮው ጠራኝ።

"ጋሽ ጥሩነህ፣ ከመርከብ የወረዱበትን ነገር ሲያጫውቱኝ ፈቃድ ነበረን ብለውኝ አልነበር?" አለኝ።

"አዎ፣ ነበረን" አልኩ።

"የጉዞ ኮሚቴው ለየአጥቢያው ሪፖርት ልኳል። ለእኛ የመጣው ላይ እርስዎ የፈረሙበት አንድ ወረቀት ተያይዟል። ሽማግሌዎቹ ሊያነጋግሩዎት ይፈልጋሉ።"

የኮሚቴው ሊቀ መንበር አንተ ነህ፤ ስለዚህ የምጠይቀው አንተን ነው። መርከቡ ላይ ሆሣዕና በእንግሊዝኛ ጽፋ ያስፈረመችኝን ወረቀት ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን አላነበብኩትም። መነጽሬ ካቢኔ ውስጥ ነበር። ቢኖረኝስ? በተባረከችበት ቀን አኮርዲዮን የተጫወትኩላት ልጅ ፎርም ስትሞላልኝ፣ ፊቷ ተቀምጬ ቃል በቃል ላጣራ ነው? እኛ አገር ለአገር ዞረን እዚህ ስንደርስ ወረቀት የሚሞሉልን ልጆቻችን ናቸው። "ጋሼ፣ ለኢንሹራንስ ነው፤ እዚህ ጋ ሳይን ያድርጉ" አለችኝ። ሳይን አደረግኩ።

የወረቀቱን ቅጂ ላክልኝ። ስልክ ላይ እንደማልሰማ ታውቃለህ፤ በደብዳቤ ይሁን።

ወንድምህ ጥሩነህ


ኤድመንተን
ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024

የተወደድክ ወንድሜ ጥሩዬ፣

የአባታችን ሰላም ከቤትህ አይራቅ። እኔም፣ ቆንጂትም፣ ሆሣዕናም፣ ሌላው ቀርቶ የጎረቤቱ ውሻም ደህና ነን። ጉልበቴን ሐኪሙ "ለሁለት ወር ደረጃ እንዳትወጣ" ብሎኛል። ቤቱ ሁለት ፎቅ መሆኑን ስነግረው "እንግዲያው ሶፋ ላይ ተኛ" አለኝ። ሠላሳ ዓመት ተምሮ የደረሰበት መድኃኒት ይህ ነው።

በመጀመሪያ ይቅር በለኝ። ሃሊፋክስ ላይ እንዴት እንደነበርን ብታይ! አርባ ሰው "ሻንጣዬ፣ ሻንጣዬ" ይላል። የጥበቃ ክፍሉ ታች ነበር፤ በዚህ ጉልበት መውረድ አልቻልኩም። "ይልኩለታል" ብዬ አመንኩ። ይኸው ላኩልህ፤ ጌታ ይመስገን። የላከልህን ሰው ማንነት ግን ብትነግረኝ ደስ ይለኛል፤ ላመሰግነው እፈልጋለሁ።

ጥሩዬ፣ ከተመለስን ወዲህ ብዙ አሰብኩ። ተሳፋሪ የራሱን መሣሪያ ይዞ መርከብ ላይ መጫወት አለበት ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ አሁን መልሴ የለበትም ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ለዐሥር ቀን ዕረፍት ይመጣል። የእኛ ዝማሬ ለእኛ ሕይወት ነው፤ ለሌላው ጩኸት ነው። ለዕድሜያችንም አይመጥንም። የጉለሌ መዘምራን ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ከሦስት አገር ተጠራርተን መገናኘታችን ራሱ በቂ ነበር። እኔ በበኩሌ ተምሬበታለሁ።

ወረቀቱ ፎርማሊቲ ነው። መርከብ ላይ ጣትህን ቢቆርጥህም ይጽፋሉ። ቅጂው ደግሞ እኔ ጋ የለም፤ ኮሚቴው ፋይል ውስጥ ይኖራል። ሆሣዕናን ስለዚህ ነገር አትጠይቃት፤ ማስተርሷን ጀምራለች፣ ውጥረት ላይ ነች።

ምክሬን ከሰማህ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበህ "አጥፍቻለሁ" በል። ቢበዛ ሁለት ወር ከአገልግሎት ያግዱሃል፤ ለገና ትመለሳለህ። አንተ ከዚህ የባሰውን አልፈሃል።

ካሳዬ


ቶሮንቶ
ኦክቶበር 3 ቀን 2024

ካሳዬ፣

ምክርህ ሲደርሰኝ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ ነበር። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 28 ነው የጠሩኝ፤ አምስት ናቸው። አኮርዲዮን መርከብ ላይ ለምን ተጫወትክ ያለኝ የለም። ያ የእነርሱ ጉዳይ አይደለም። አንዱ፣ ዓብይ የሚባለው ነርሱ፣ ወረቀቱን ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። ሲጨርስ እንዲህ አለኝ።

"ጋሽ ጥሩነህ፣ ለፓስተር ፈቃድ ነበረን ብለዋል። እዚህ ላይ ደግሞ ተከልክዬ ነበር ብለው ፈርመዋል። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። የትኛው ነው?"

ካሳዬ፣ በስድሳ ሰባት ዓመቴ "የትኛው ነው ውሸትህ" ተብዬ ተጠይቄ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠሩት። ጉዳዩ እስኪጣራ ከአገልግሎት ታግጃለሁ፤ ያገዱኝ በመጫወቴ ሳይሆን በመዋሸቴ ነው። ለገና ተመልሶ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ውሸታም ሆኖ የተመዘገበ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ስለ እውነት አያዘምርም። እነርሱ ባይሉት እኔ እለዋለሁ።

እሁድ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወጣቶቹ በኪቦርድ ዘመሩ፤ ደህና ነው፣ ጎበዞች ናቸው። ግን እየዞሩ ያዩኛል። አንዷ ትንሽ ልጅ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ዩ ሲክ?" አለችኝ። "ትንሽ" አልኳት።

ቅጂውን ዓብይ ሰጠኝ፤ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ "በመርከቡ የሻይ አዳራሽ መሣሪያ መጫወት የተከለከለ መሆኑን ከመሳፈሬ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ኦገስት 26 ከቀኑ 9፡20፣ ኦገስት 27 ከቀኑ 10፡05፣ ኦገስት 28 ከቀኑ 9፡40 ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። የቡድናችን መሪ እንዳቆም ለምኖኛል፤ እምቢ ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።"

የቡድናችን መሪ አንተ ነህ።

ሆሣዕና ሦስቱንም ቀን ከሰዓት በኋላ መዋኛ ገንዳው ጋ ነበረች። አንተው ራስህ "ልጄ ዓሣ ሆና ቀረች" እያልክ ስትቀልድ ነበር። ታዲያ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ማን ነገራት?

ስለ ሕጉ ከጻፍከው ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም ከአንተ ይልቅ እኔ አምርሬ አስቤበታለሁ። ፍሌሚንግደን ፓርክ ውስጥ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ስጫወት፣ ያልወደደው ጎረቤት በር ከፍቶ ወደ ውጭ መውጣት ይችላል። መርከብ ላይ ሰው በር ከፍቶ የሚወጣው ወደ ባሕር ነው። መስኮቱ ጥግ ቁጭ ብላ መጽሐፍ የምታነብ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ታስታውሳት ይሆናል። ሰኞ ወንበር ቀየረች። ማክሰኞ ጠረጴዛ ቀየረች። ረቡዕ አልመጣችም። አይቻታለሁ፤ ማቆም ነበረብኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቢጠይቁኝ እፈርምበታለሁ። ያላቆምኩት ግን ሳምንቱን ሙሉ ተፈቅዶልናል ስላልከኝ ነው። ቅዳሜ፣ ገና ከቶሮንቶ ሳንነሳ፣ በሻንጣችን መካከል ቆመህ "አናግሬአቸዋለሁ፤ እሁድ ጠዋት በትልቁ አዳራሽ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት በሻይ አዳራሹ። አንተ ብቻ ጣትህን አሙቅ" አልከኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

አስታውሰኝ። ተሳስቼ ከሆነ ተሳስተሃል በለኝ።

ጥሩነህ


ኤድመንተን
ኦክቶበር 10 ቀን 2024

ጥሩነህ፣

ደብዳቤህን ለቆንጂት አላሳየኋትም። ብታየው ታለቅስ ነበር።

እኔን ነው የምትጠረጥረው? በአርባ ስድስት ዓመት ወዳጅነት መካከል ደቂቃ የምትቆጥርብኝ መርማሪ ሆነህ መጣህ? ሰዓቱ ከመርከቡ መዝገብ የተወሰደ ይሆናል፤ እኔ እንዴት አውቃለሁ?

አንድ ነገር ግን አስታውስ። አንተ ስትጫወት የመስሚያ መሣሪያህን ከጆሮህ አውጥተህ ኪስህ ትከታለህ፤ ድምፁን ያበላሽብኛል ትላለህ። ሰው መጥቶ ጆሮህ ሥር ቢጮህም አይገባህም። እኔ በእጄ ምልክት ሰጥቼሃለሁ። ምልክቱን ለተረጎምክበት መንገድ እኔ ተጠያቂ አይደለሁም።

ነገሩን በጸሎት እንያዘው። ደግሞስ አኮርዲዮኑን የላከልህ ማን ነው? ሣጥኑ ውስጥስ ምን ነበር? ይኸው ሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው።

ካሳዬ


ቶሮንቶ
ኦክቶበር 16 ቀን 2024

ካሳዬ፣

ሣጥኑ ውስጥ የነበረው የሻይ አዳራሹ ሜኑ ነው፤ ጠንካራው ካርድ። ጀርባው ላይ ሊዮ ጽፎበታል።

ሊዮን ታውቀዋለህ፤ የመርከቡ ፒያኖ ተጫዋች፣ ፊሊፒናዊው። ከሰዓት በኋላ እኔ ስጫወት ፒያኖውን ዘግቶ፣ እጁን አጣምሮ የሚያዳምጠው። አኮርዲዮኑ ጥበቃ ክፍል ውስጥ ተረስቶ ሲያየው ያስላከው እርሱ ነው። እጁ ከባድ ነው፣ ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ያለ መዝገበ ቃላት አነበብኩት። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦

"ጌታዬ፣ ሃሊፋክስ ላይ ማንም ስላልጠየቀው እኔ ወስጄ አሸግኩት። ማንገቻው ሲነሳ ተበጠሰ፤ ይቅርታ። ትንሽ ሞከርኩት፤ ለዚህም ይቅርታ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ተሳፋሪ መጫወት የለበትም ከሚሉት ነኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ከተጫወተ እኔ ለምን ተሳፈርኩ? ግን እርስዎን ያደረጉብዎት ልክ አይደለም። ጓደኛዎ በመጀመሪያው ቀን ፈቃድ ሲጠይቅ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ኦፊሰሩ፣ እሁድ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል በትልቁ አዳራሽ ብቻ፣ ከዚያ ውጭ አይቻልም አለው። ኋላም ሦስቱንም ቀን ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ለጓደኛዎ ነው፤ እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው እየተጫወቱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዎ ለኦፊሰሩ፣ ግትር ሽማግሌ ነው፣ እኔም አላዝዘውም አለው። ይህን የጻፍኩት ያ ሽማግሌ ግትር እንዳልሆነ ስላየሁ ነው።"

ምልክት ሰጥቼሃለሁ ብለሃል። ሰጥተኸኛል። ሰኞ ዕለት ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ ካናገረህ በኋላ ወደ እኔ ዞርክ። ሁለት አውራ ጣትህን ወደ ላይ አቆምክ። ከከንፈርህም አነበብኩ፦ "ቀጥል! ወደውታል!" ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ዕለት ጣትህን አላነሳህም፤ መስኮቱን ነበር የምታየው።

መልስ ጻፍልኝ። በጸሎት እንያዘው አትበለኝ፤ እርሱን ይዤዋለሁ።

ጥሩነህ


ኤድመንተን
ኦክቶበር 23 ቀን 2024

ወንድሜ ጥሩነህ፣

እንዲህ ብዬ ለመጥራት መብት ካለኝ ነው። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ሊዮ የጻፈው እውነት ነው።

ቅዳሜ ኦፊሰሩ "አይቻልም" ሲለኝ ወደ እናንተ ተመለስኩ። ያለምወርቅ የዚያን ዘመን የዝማሬ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ እያገላበጠች ነበር፤ ጠርዙ አይጥ የበላውን። ተክሉ ከሚኒሶታ የመጣው ለዚህ ብቻ ነው። ሁሉም "እህ፣ ምን አሉ?" ብለው ዞሩ። አይቻልም ማለት ከአፌ አልወጣም። "ተፈቅዷል" አልኩ። በኋላ አንድ ቀን ቢጫወት ማን ይናገረዋል ብዬ ነበር። ሰኞ ስታስጀምር ያለምወርቅ ተነስታ ሶሎዋን ስትይዝ አየሃት አይደል? እንዴት ላቁምህ? ጣቴን አነሳሁ። ማክሰኞም ያው ሆነ።

ረቡዕ ኦፊሰሩ ወደ ጎን ወሰደኝ። "ነገ ኩቤክ ላይ ቡድኑ በሙሉ ይወርዳል፣ ወይም ደግሞ ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው ይወርዳል። የትኛው ነው?" አለኝ። አንድ ሰዓት ሰጠኝ። እኔ ነኝ ብል፣ ተፈቅዷል ብዬ መዋሸቴ በሁሉም ፊት ይወጣል። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ፤ ቢያሳፍረኝም። ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ትዝ አለኝ። ጉለሌ፣ የአብዮት ጥበቃዎቹ የመጡብን ቀን። አንተ "እኔ ብቻዬን ነኝ፣ የማውቀው ሰው የለም" ብለህ፣ አሥራ አንዳችን በጓሮ በኩል ያመለጥንበት። ይህ ሰው ያንን ችሏል፣ ይኼን ይችለዋል አልኩ። ሚስቱም አርፋለች፣ ማብራሪያ የሚጠይቀውም ሰው የለው አልኩ። ወረቀት ብቻ ነው አልኩ። ለሆሣዕና የሚጻፈውን ነገርኳት፤ ጋሼ ያውቃል ብያት ነው። ለአጥቢያዎች የተላከው ሪፖርት ላይም ወረቀቱን ያያያዝኩት እኔ ነኝ። ከኮሚቴው ሰዎች ጥያቄ ስለበዛብኝ ነው።

አሁን ሁሉንም ነገርኩህ። አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ኖቬምበር 17 ቀን እሁድ እዚህ ቤተ ክርስቲያን እጅ ተጭኖብኝ ለመጋቢነት እሾማለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩበት ነው። ይህ ነገር ከዚያ በፊት ከተሰማ ያበቃል። ከዚያ በኋላ፣ በዓመቱ መጨረሻ፣ ራሴ ለፓስተር ፀጋዘአብ ደውዬ አስረዳለሁ። እስከዚያ ታገሠኝ። አንተ የእኔ ሸክም ከብዶህ አያውቅም።

ካሳዬ


ቶሮንቶ
ኦክቶበር 30 ቀን 2024

ካሳዬ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። እውነቱን በእጅህ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ይህን ስል ሽሙጥ አይደለም።

ከአንተ ደብዳቤ አንድ ቀን ቀድሞ ሆሣዕና ቴክስት አደረገችልኝ። "ጋሼ ሶሪ። ዳድ የነገረኝን ታይፕ አደረግኩ እንጂ አላሰብኩበትም። ያውቃሉ ብሎኝ ነበር። ቱዴይ ነገረኝ። አላናግረውም።" እኔም መለስኩላት፤ ጣቴ ለትንንሽ ፊደል አይመችም፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። "አንቺ አላጠፋሽም። አባትሽን አናግሪው። ከሚቀጥለው ጀምሮ ሽማግሌ ሲፈርም ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ የሚጠላሽ የለም" አልኳት። ለእኔም ትምህርት ነው። ልጆቹን ላለማሳፈር ብለን ሳናነብ የፈረምነው ብዙ ነው።

ስለ ሰባ አንድ ስላነሳህ እኔም ላንሳው። ስንት ዓመት ሙሉ አንስተነው አናውቅም። ሰባት ወር ከአሥራ ስድስት ቀን ታስሬያለሁ። የውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ከአንተ ጋር የነበሩት እነማን ናቸው?" የግራ ጆሮዬ የዚያን ጊዜ ነው የሄደው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው እያልኩ ለሰው እናገራለሁ፤ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ስለሠራሁ ሰው ያምነኛል። ማሽኑ ቀኙን ነው የጎዳው። ይህን ያልነገርኩህ እንዳይከብድህ ብዬ ነው።

ያንን ስለቻልክ ይኼንንም ትችለዋለህ ብለሃል። እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ያን ጊዜ "እኔ ብቻዬን ነኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። መርከቡ ላይ ያንኑ ቃል አንተ ስለ እኔ አልክልኝ፤ ልጅህም ጻፈችው። ካቢኔዬ መጥተህ "ጥሩነህ፣ ዋሽቼ ጉድ ሆኛለሁ፣ ያዝልኝ" ብትለኝ ኖሮ ሻንጣዬን ይዤ እወርድልህ ነበር። ኩቤክ ወደብ ላይ ቆሜ እጄን እያውለበለብኩ። ለፓስተርም ፈቃድ ነበረን አልለውም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ነበረህ፤ የካቢኔዬ በር ከአንተ በር አራተኛው ነው። አልመጣህም። ያን ጊዜ ሳልጠየቅ የሰጠሁህን ነገር ነው አሁን የሰረቅከኝ።

አኮርዲዮኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ፓርክዴል ሰፈር ከአንድ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ከገዛሁት ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንድም ሳምንት ሳልነካው አልፎ አያውቅም ነበር። አሁን ዘጠኝ ሳምንቱ። ከታች ያለችው ፓኪስታናዊት ጎረቤቴ ሊፍት ውስጥ አግኝታኝ፣ "ደህና ነህ ወይ? ቤትህ ጸጥ አለብኝ" አለችኝ። ሁልጊዜ ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ትመታብኝ የነበረችው እርሷ ነች። ዝም ስል ከፋት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ታገሠኝ ብለሃል። የምታገሠው ጊዜ የለኝም። ሽማግሌዎቹ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጡበትን ቀን ቆርጠዋል። ያን ቀን ዋሽቷል ብለው ከወሰኑ ስሜ ከአገልጋዮች መዝገብ ይፋቃል፣ እሁድም በጉባኤ ፊት ይነበባል። በእኔ ዕድሜ የተፋቀ ስም ተመልሶ አይጻፍም። ፓስተር ፀጋዘአብ ለብቻው ጠርቶ፣ "ጋሽ ጥሩነህ፣ የሚመሰክርልዎ አንድ ሰው እንኳ የለም?" አለኝ። "አንድ አለ" አልኩት። "ማን ነው?" አለኝ።

የሊዮን ካርድ ባሳየው ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄም ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። የአንተን ደብዳቤም አላሳይም፤ ከዚህ ጋር አብሮ ታገኘዋለህ፣ መልሼልሃለሁ። ስምህን በግርፋት ጊዜ ያልሰጠሁ ሰው በሜኑ ጀርባ አልሰጥም። የምትሰጠው አንተ ነህ። አብሬ የላክሁልህ ባዶ ኤንቬሎፕ ላይ የሽማግሌዎቹ አድራሻ አለ፤ ቴምብርም ለጥፌበታለሁ። ብዙ መጻፍ የለብህም። "ፈቃድ አልነበረንም፤ ነበረን ያልኩት እኔ ነኝ" ብለህ ፈርምበት። የኖቬምበር 17ቱን ነገር አውቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ልመክርህ አልችልም፤ አንተም መርከቡ ላይ እኔን አላማከርክም።

ለቆንጂት ሰላም በልልኝ። ጉልበትህን ደረጃ አታብዛበት።

ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት ቅዳሜ ኖቬምበር 9 ቀን ነው፤ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት። ከኤድመንተን በፈጣን ፖስታ የተላከ ደብዳቤ እዚህ ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ጥሩነህ